የአውሮፓ ወጣቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና «ይቅር» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ስለ አውሮፓ ወጣቶች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ውድድሩ ከናካቴው መቅረት አለበት ይላሉ። አምስት ምክንያት ደርድረዋል። እዚያ ያበራ ልጅ በኋላ ይጠፋል፣ እውነተኞቹ ኮከቦች የወጡት ከሌላ ቦታ ነው ይላሉ። ውድድሩ የልጆችን አካልና አእምሮ ይጨርሳል ይላሉ። ቡድኖቹ የአፍሪካ ልጆች በአውሮፓ ማልያ የሚሰለፉባቸው ናቸው፣ ስለዚህ የአውሮፓ ሊባሉ አይገባም ይላሉ። በዲቪዚዮን (በእርከን) መከፋፈሉ ትንንሽ አገሮችን ከበር መልሷል ይላሉ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መክፈል ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ውድድሩ ትርጉም አጥቷል ብለው ይጨምራሉ። መፍትሔ ያሉት ምርጥ ምርጦቹን ልጆች ብቻ ሰብስቦ ለመልማዮች የሚያሳይ የበጋ ካምፕ ነው።

ጽሑፉ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ግን ብዙ ቦታ ላይ ተሳስቷል። አንዱ ነጥብ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅድሚያ አንድ ነገር ላስተካክል። ጸሐፊው ስለ አንድ ውድድር እንደሚናገሩ አድርገው ነው የጻፉት። ውድድሮቹ ግን ሦስት ናቸው፤ ከ16፣ ከ18 እና ከ20 ዓመት በታች። አንጋፋው የ18 ዓመቱ ነው። በ1964 በጣልያን ኔፕልስ ተጀምሮ ሶቪየት ኅብረት ዋንጫውን ወሰደች። የ16 ዓመቱ በ1971 እዚያው ጣልያን፣ ጎሪዚያ ላይ ተጀመረ። ያኔ ያሸነፈችው ዩጎዝላቪያ ናት። የ20 ዓመቱ በ1992 ግሪክ ውስጥ ሲጀመር ከ22 ዓመት በታች ነበር የሚባለው። ሦስቱም ለሴቶችም አሉ። በጽሑፉ ውስጥ ስለ ሴቶቹ አንድም ቃል የለም። እመለስበታለሁ።

«እዚያ ያበራ ይጠፋል» ለሚለው ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ ሁለት ስም ነው፤ ያኒስ አንቴቶኩንፖ እና ኒኮላ ዮኪች። ሁለቱም በአሜሪካው ትልቁ ሊግ በኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብለዋል፣ ያኒስ ሁለት ጊዜ፣ ዮኪች ሦስት ጊዜ። ሁለቱም በአውሮፓ ወጣቶች ሻምፒዮና ኮከብ አልነበሩም ይላሉ። ልክ ነው፣ አልነበሩም።

የያኒስን ታሪክ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። ያኒስ የተወለደው አቴንስ ነው። ወላጆቹ ከናይጄሪያ የመጡ ናቸው። 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የግሪክ ዜግነት አልነበረውም። ወረቀት የሌለው ልጅ ደግሞ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ የቱንም ያህል ቢሮጥ፣ ለብሔራዊ ቡድን አይሰለፍም። ዜግነቱን ያገኘው በሜይ 2013 ነው። በጁን ሚልዋኪ የተባለው የኤንቢኤ ቡድን በድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) 15ኛ አድርጎ መረጠው። በጁላይ ታሊን ከተማ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና የግሪክን ማልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሰ። በየጨዋታው በአማካይ 8 ነጥብ ገደማ አስቆጠረ። ግሪክ አምስተኛ ወጣች። ዋንጫው የጣልያን ሆነ። የውድድሩ ምርጥ የተባለውም ጣልያናዊው አሜዴዎ ዴላ ቫሌ ነበር።

ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ ያዩት «አምስተኛ» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። አንድ ልጅ ተወልዶ ባደገበት አገር ዕድሜውን ሙሉ እንደ እንግዳ ኖሮ፣ ከእኩዮቹ ጋር ተሰልፎ የዚያችን አገር መዝሙር የሰማበት የመጀመሪያው መድረክ ታሊን ነበር። ውድድሩ ያኒስን አላገኘውም ብሎ መክሰስ አይቻልም። በሩን የዘጋበት የዜግነት ሕጉ ነው። በሩ በተከፈተ በሁለተኛው ወር ልጁ ሜዳ ላይ ነበር።

ዮኪችም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። በ2013 ፕራግ ላይ ከ19 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ለሰርቢያ ተጫውቶ የብር ሜዳልያ ወስዷል። የአውሮፓ ቡድኖች ለዚያ የዓለም ውድድር የሚያልፉት ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት በሚደረገው ከ18 ዓመት በታች የአውሮፓ ሻምፒዮና በሚያገኙት ደረጃ ነው። መንገዱን የጠረጉለት እኩዮቹ ናቸው። ጸሐፊው ይቅር ያሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ሌላም ልጨምር። በ1998 ስፔን ቡልጋሪያ፣ ቫርና ላይ ከ18 ዓመት በታች አሸነፈች። በዓመቱ ያው ትውልድ ሊዝበን ሄዶ በዓለም ወጣቶች ፍጻሜ አሜሪካን 94 ለ 87 ረታ። የሊዝበኑ ቡድን ፊት መሪ ሁዋን ካርሎስ ናቫሮ ነበር። ፓው ጋሶል የሚባለው ቀጭን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው። ሰባት ዓመት ቆይቶ ስፔን የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን የቡድኑ ምሰሶ ማን ነበር? ጋሶል። ቪክቶር ዌምባንያማም በ2019 በጣልያኗ ዑዲኔ ከ16 ዓመት በታች ፍጻሜ ደርሶ በስፔን ተሸንፎ ብር ነው ይዞ የተመለሰው። የወጣቶች ውድድር ማን ትልቅ እንደሚሆን የሚተነብይ ጠንቋይ አይደለም። ዛሬ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ነገ እንዲበልጥ ዕድል የሚሰጥ ቦታ ነው።

ያበሩትም ሁሉ አልጠፉም። በ2000 ዛዳር ላይ ፈረንሳይ ከ18 ዓመት በታች ስታሸንፍ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ቶኒ ፓርከር ነበር። እሱ አራት የኤንቢኤ ዋንጫ በላ። በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ 2018ንና 2019ን አይረሱም። እስራኤል በቅርጫት ኳስ የምትወዳደረው ከአውሮፓ ጋር ነው። ከ20 ዓመት በታች ቡድኗ በጀርመኗ ኬምኒትዝ ክሮኤሽያን 80 ለ 66 አሸነፈ። በዓመቱ በቴል አቪቭ ስፔንን 92 ለ 84 አሸንፎ ድሉን ደገመ። የቴል አቪቩ ምርጥ ዴኒ አቭዲያ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በኤንቢኤ ድራፍት 9ኛ ተመረጠ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። በተለይ በ16 ዓመቱ ውድድር ቀድሞ የጎለመሰ ልጅ ይበልጣል። በጃንዋሪ የተወለደና በዲሴምበር የተወለደ ልጅ በአንድ ዕድሜ ምድብ ይቆጠራሉ፣ በመካከላቸው ግን አንድ ሙሉ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው። አሰልጣኞች ትልቁን ልጅ ይመርጣሉ፣ ትንሹ ይረሳል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ግን ውድድሩን መዝጋት አይፈታውም። በካምፕ ቢተካ እንዲያውም ይብሳል፤ ወደ ካምፕ የሚጠራው መጀመሪያ ዓይን የገባው፣ ቀድሞ የጎለመሰው ልጅ ነውና።

ሁለተኛው ነጥብ የልጆቹ ድካም ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሪኪ ሩቢዮን አንስተዋል። በ2006 ሊናሬስ ላይ ከ16 ዓመት በታች ፍጻሜ ስፔን ከሩሲያ ጋር ተጋጠመች። የ15 ዓመቱ ሩቢዮ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ከሜዳው አጋማሽ ወርውሮ አገባና ጨዋታውን ወደ ተጨማሪ ሰዓት ወሰደው። ስፔን ከሁለት ተጨማሪ ሰዓት በኋላ 110 ለ 106 አሸነፈች። ሩቢዮ በዚያች ቀን 51 ነጥብ፣ 24 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 12 አሲስት (ለግብ ማቀበል) ነበረው። ጸሐፊው ይህን ካወሩ በኋላ ወደ 2023 ይዘላሉ። ሩቢዮ ያን ዓመት ለአእምሮ ጤናው ሲል ጨዋታ እንደሚያቆም ተናግሮ ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ከኤንቢኤ መሰናበቱን አስታወቀ። «ውጤቱ ይኸው» ይላሉ ጸሐፊው።

ይህ አያያዝ ልክ አይደለም። በ2006 እና በ2023 መካከል አንድ ሙሉ ሕይወት አለ። ሩቢዮ ገና በ14 ዓመቱ በስፔን ከፍተኛ ሊግ ከትልልቆች ጋር ተሰልፏል። በ17 ዓመቱ በኦሎምፒክ ፍጻሜ ተጫውቷል። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተጎድቷል። እናቱን በካንሰር አጥቷል። በ2019 የዓለም ዋንጫን ከነምርጥ ተጫዋችነቱ ወስዷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልጅ ሆኖ ከእኩዮቹ ጋር የተጫወተበትን አንድ ክረምት ነጥሎ «ያ ነው የጨረሰው» ማለት ማስረጃ የለውም። ሰውየው ስለ ሕመሙ በግልጽ መናገሩ ድፍረት ነው። ያን ድፍረት ለክርክር ማሸነፊያ ማድረግ አይገባም።

የጨዋታው ብዛት ግን ሊጤን ይገባል። በላይኛው እርከን፣ በዲቪዚዮን ኤ፣ 16 ቡድኖች አሉ። አራት አራት ሆነው ይመደባሉ፣ ሁሉም ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። የተሸነፈም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ለደረጃ መጫወቱን ይቀጥላል። ስለዚህ አንደኛው ቡድንም አስራ ስድስተኛው ቡድንም ሰባት ሰባት ጨዋታ ያደርጋሉ፣ በዘጠኝ ቀን ገደማ። ለጉልበት ከባድ ነው። የዕረፍት ቀን ቢጨመር እኔም እደግፋለሁ። ለትምህርት ግን ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተዋረደ ቡድን በኋለኞቹ ቀናት ራሱን የሚያርምበት ዕድል ያገኛል። ሁሉንም የተሸነፈው ቡድን አስራ ሁለተኛ ተጫዋች እንኳን ሜዳ ገብቶ ያልበዋል።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ። ሰው ይጎዳል ያልኩት ይኸኛውን ነው። «የአፍሪካ ልጆች በአውሮፓ ማልያ።» ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ ለአፍሪካ የተቆረቆሩ መስሏቸው ይሆናል። ግን ስለ ማን ነው የሚናገሩት? ኡስማን ጋሩባ ማድሪድ ተወለደ። ወላጆቹ ናይጄሪያውያን ናቸው። በ2016 በፖላንዷ ራዶም በ14 ዓመቱ ከ16 ዓመት በታች ሻምፒዮናውን ከስፔን ጋር አሸንፎ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ፍራንክ ንቲሊኪና ቤልጂየም ተወልዶ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ያደገ ነው። ወላጆቹ ከሩዋንዳ ናቸው። በ2016 ቱርክ፣ ሳምሱን ላይ ፈረንሳይ ከ18 ዓመት በታች ስታሸንፍ ምርጡ እሱ ነበር። (ያ ውድድር በጁላይ በቱርክ በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ምክንያት ወደ ዲሴምበር ተላልፎ ነበር። ልጆቹ በክረምቱ ፋንታ በብርድ ተጫወቱ።) ዌምባንያማም ፓሪስ አጠገብ የተወለደ ነው።

እነዚህ ልጆች ከየትም አልተገዙም። ቋንቋቸው፣ ትምህርት ቤታቸው፣ የሰፈር ጓደኞቻቸው እዚያው ናቸው። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ ራሱ በዚህ ላይ ጥብቅ ሕግ አለው። ዕድሜው 16 ከሞላ በኋላ የአገሩን ዜግነት ያገኘ ተጫዋች በአንድ ቡድን ውስጥ ከአንድ በላይ ሊኖር አይችልም። ጸሐፊው የተጨነቁበት ዓይነት ግዢ ቢሞከር እንኳን ገደብ አለው። ማድሪድ የተወለደን ልጅ ግን ማንም ሊገድበው አይገባም።

ይህን ነገር በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርት፣ በሚላኖና በለንደን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ የእኛ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ክለብ ይሄዳል። አባት ከሥራ ደክሞ መጥቶ መኪና ይነዳል፣ እናት ምሳ ቋጥራ ትሰጣለች። ቤት ሲገባ በአማርኛ «እንዴት ነበር?» ይባላል፣ እሱ በስዊድንኛ ወይም በጀርመንኛ ይመልሳል። ነገ ያ ልጅ ለአገሩ ወጣቶች ቡድን ቢመረጥ «አንተ የዚህ አገር አይደለህም» የሚለው ነጭ ጎረቤቱ ብቻ አይሆንም ማለት ነው። ከእኛም ወገን ጽሑፍ ጽፎ የሚለው ሰው አለ። ልጁ የሁለቱም ነው። ወላጆቹም ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አያስገድዱትም። ጸሐፊው ስለ አፍሪካ ቅርጫት ኳስ መድከም ቢጽፉ ጥሩ ርዕስ ነው፣ አነበዋለሁም። ጥያቄው ግን የሚቀርበው ለአፍሪካ ፌዴሬሽኖች ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ለተወለደበት አገር በመጫወቱ ተጠያቂ የሚሆንበት መንገድ የለም።

ከፍ ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት የሴቶቹ ጉዳይ። ጸሐፊው ረሱት። ባይረሱት ኖሮ የመጀመሪያው ነጥባቸው አይቆምም ነበር። በ2011 በሮማንያዋ ኦራዴያ ቤልጂየም ከ18 ዓመት በታች ሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። ምርጥ ተጫዋች ኤማ ሜስማን ነበረች። ያኔ ቤልጂየም በሴቶች ቅርጫት ኳስ ከታላላቆቹ ተርታ የምትጠራ አልነበረችም። ሜስማን ዋሽንግተን ሄዳ በ2019 የአሜሪካው የሴቶች ሊግ፣ የደብሊው ኤንቢኤ፣ ፍጻሜ ምርጥ ሆነች። ቤልጂየም ደግሞ በ2023ና በ2025 የአውሮፓ የሴቶች ዋንጫን አከታትላ ወሰደች፣ ሁለቱንም ጊዜ ምርጧ ሜስማን ናት። ያቺ ትንሽ አገር «እኛም እንችላለን» ማለት የጀመረችው በትልልቆቹ ውድድር አይደለም። በልጆቹ ነው።

የዲቪዚዮኑ ክስ ብዙ አያቆየኝም። ትንንሽ አገሮች ከበር አልተመለሱም። በዲቪዚዮን ቢ ይጫወታሉ፣ ጥሩ የተጫወቱት ወደ ኤ ያድጋሉ፣ በኤ መጨረሻ ላይ የወጡት ይወርዳሉ። ዲቪዚዮኑ ባይኖር እያንዳንዱ ክረምት የ60 ነጥብ ሽንፈት ይሆን ነበር። ከዚያ ማን ይማራል? አይስላንድን እንይ። የሕዝቧ ቁጥር 400 ሺህ እንኳን አይሞላም። በ2017 ቀርጤስ ላይ ከ20 ዓመት በታች በዲቪዚዮን ኤ ተሰልፋ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ረጅሙ ትሪግቪ ህሊናሶን በውድድሩ ምርጥ አምስት ውስጥ ገባ። ይህ ልጅ በገጠር እርሻ ያደገ፣ ቅርጫት ኳስ ዘግይቶ የጀመረ ነው። በዚያው ክረምት መጨረሻ ከአይስላንድ ዋና ቡድን ጋር በዩሮባስኬት፣ በትልልቆቹ የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ ተጫወተ። ጸሐፊው በሩ ተዘግቷል ያሉት በዚህ በር የገባውን ልጅ ሳያዩ ነው።

ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት በከፊል ልክ ነው። ከ2021 ጀምሮ ተማሪ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ችለዋል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። ብዙ የአውሮፓ ልጆች ወደዚያ እየጎረፉ ነው፣ ክለቦቹም ተቸግረዋል። ግን ይህ የክለቦች ችግር ነው። በክረምት ልጆቹ ይመለሳሉ። በ2024 ጀርመን በፊንላንዷ ታምፔሬ ሰርቢያን አሸንፋ ከ18 ዓመት በታች ዋንጫን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። ከዚያ ቡድን ክርስቲያን አንደርሰን ቴክሳስ ቴክ ገባ። በ2025 ክረምት ግን ሎዛን ላይ ለጀርመን ከ19 ዓመት በታች ተሰልፎ እስከ ዓለም ፍጻሜ ደረሰ። ቼኩ ቢኖርም ማልያው አልቀረም።

«ቢቀር ማን ይጎዳል?» ብለው ይጠይቃሉ ጸሐፊው። ይህ የታየ ነገር ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት ቀርቷል። በ2021 ክረምት ፊባ ቻሌንጀር የሚባል አነስ ያለ ምትክ አዘጋጀ፣ ፌዴሬሽኖቹም መጡ። ዋንጫ ሳይኖረው፣ በወረርሽኝ መሃል፣ ለምን መጡ? ልጆቻቸው ሁለት ክረምት ያለ ጨዋታ እንዳያልፍባቸው ነው።

የቀረው የካምፑ ሐሳብ ነው። ካምፕ ተጫዋች ያሳያል። ቡድን ግን አይሠራም፣ አሰልጣኝም አያወጣም። ጸሐፊው ውድድሩን የተጫዋቾች ብቻ አድርገው ነው ያዩት። ስቬቲስላቭ ፔሺች በ1987 ቦርሚዮ ላይ የዩጎዝላቪያን ወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ነው። በ1993 ጀርመንን የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገ፣ በ2002 ዩጎዝላቪያን የዓለም፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ሰርቢያን ለኦሎምፒክ ነሐስ አበቃ። በታምፔሬ የጀርመንን ልጆች የመራው አለን ኢብራሂማጊች ነው። በ2025 ሪጋ ላይ በተጠናቀቀው ዩሮባስኬት የጀርመን ዋና አሰልጣኝ አሌክስ ሙምብሩ ታመመ። ቡድኑን ተረክቦ ሜዳ ዳር የቆመው ይኸው ኢብራሂማጊች ነበር። ጀርመን ቱርክን 88 ለ 83 አሸንፋ ዋንጫውን አነሳች። በሜዳው ላይ ከነበሩት አንዱ ፍራንዝ ቫግነር ነው። እሱ በ2019 ቴል አቪቭ ላይ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ጋር ሦስተኛ ወጥቶ ነበር።